ከጀልባው ጋር ያሰርሁት ሬዲዮ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤት ውስጥ ያስቸገረኝ ነገር ቢኖር ዝምታው ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ከጆሮዬ የሬዲዮ ሽውሽውታ ሳይጠፋ ኖሮ፣ አሁን ከጓዳ እስከ ሳሎን ኮሽ የሚል የለም። የእህቴ ልጅ ትዕግሥት ከዩኒቨርሲቲ ስትመጣ ብቻ ቤቱ ነፍስ ይዘራል። “አክስቴ፣ ነይ ጉድ ላሳይሽ” እያለች ስልኳን አፍንጫዬ ላይ ትደቅነዋለች።

ባለፈው እሑድ ያሳየችኝ እውነትም ጉድ ነው። ሰዎች ባሕር ላይ፣ ከላይ በነፋስ የተነፋ ትልቅ ጨርቅ በገመድ እየጎተታቸው፣ በአንዲት ሳንቃ ላይ ቆመው ይበራሉ። በእግዚአብሔር! ውሃውን ነካ አድርገው ይነሱና አየር ላይ ተገልብጠው እንደገና ይቆማሉ።

“አየሽው ሲገለበጥ?” አለችኝ።

እኔ እቴ፣ መገለበጡን ማን አየው! “አቁሚው፤ ወደ ኋላ መልሺው” አልኋት። መለሰችው። የሰውየው ደረት ላይ፣ ከግራ ትከሻው ዝቅ ብሎ፣ ከተንሳፋፊ ሰደርያው ጋር በአጭር ማሰሪያ የተያዘች ቢጫ ሬዲዮ አለች። “ተመስገን፣ ይኼስ አውቆበታል” አልሁና እንባዬ ዱብ አለ።

ልጅቱ ደነገጠች። “ምን ሆንሽ አክስቴ? ታውቂዋለሽ እንዴ ሰውየውን?”

ሰውየውን ከየት አውቀዋለሁ። ያቺ ሬዲዮ ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንደተቀመጠች ግን አውቃለሁ። ላስረዳት ጀመርሁና ከየት እንደምነሳ ጠፋኝ። በአፌ ያቃተኝን በጽሑፍ ልሞክረው ብዬ ነው ይህን የጀመርሁት።

ስሜ ጥሩወርቅ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ “ሬዲዮ ላይ ነበርሁ” ስል ሰው ሁሉ ዜና አንባቢ የነበርሁ ይመስለውና “ድምፅሽን ሰምቼዋለሁ ልበል?” ይለኛል። አልሰማኝም። የእኔን ድምፅ የሚሰሙት ወንዝ የሚለኩ ሰዎች ብቻ ነበሩ። መሥሪያ ቤታችን የወንዞችን ውሃ የሚለካ ነው፤ የእኔ ሥራ ደግሞ ወንዝ ውስጥ የሚገቡትን ሰዎች በመገናኛ ሬዲዮ መጠበቅ። ደመወዙን አታንሱብኝ፤ ሥራው ግን ልብ የሚሞላ ነበር።

የመጀመሪያ ምድቤ ቁይ የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን የዝናብ መለኪያውን አንብቤ ቁጥሩን በትልቁ ሬዲዮ ለደብረ ማርቆስ እነግራለሁ፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሌላ ሥራ የለኝም። የመጀመሪያው ዕለት ቁልፉን ተጫንሁ። ቁጥሩን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍሁትና ለቀቅሁ። ሽው… ሽው… ቀጥሎ ከዚያ ሁሉ ሽውሽውታ ውስጥ የሰው ድምፅ ወጣ። “ቁይ፣ ሰምቼሻለሁ። ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ ልጄ፤ ዝናቡ እንደሆነ ዘንቧል፣ አይሸሽም።”

ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ያ ሁሉ ተራራና ማሳ መሃላችን እያለ፣ ሰውየው አጠገቤ የተቀመጠ ያህል ትንፋሹ ይሰማኛል! ከዚያ ወዲህ ስንት ሬዲዮ ፈታሁ፣ ስንት ገጠምሁ፤ ያን ዕለት የያዘኝ መደነቅ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ድምፁ የጋሼ ሰይድ ነበር። ከደሴ መጥተው ደብረ ማርቆስ የከረሙ የሬዲዮ ባለሙያ ናቸው። ዓመት ሙሉ በድምፅ ብቻ ስላወቅኋቸው ግዙፍ ሰው አድርጌ ስያቸው ነበር፤ ወደ ማርቆስ ተዛውሬ ስመጣ ትከሻዬ ላይ የሚደርሱ ቀጭን ሰው ሆነው አረፉት። “አጠርሁብሽ መሰለኝ” ብለው ሳቁ። እኔ አፈርሁ።

ጋሼ ሰይድ የሚጽፉት ነገር አልነበረም፤ የሚያስተምሩት በልማዳቸው ነው። ሬዲዮዋ በቆዳ ማሰሪያ ደረታቸው ላይ ናት፤ ሲበሉም ሲጠጡም አትነሳም። ለሶላት ብቻ ያወልቋትና እጃቸው በሚደርስበት ያስቀምጧታል፤ ያኔ እኔ እንዳዳምጥ በዓይናቸው ያዝዙኛል። ጠረጴዛ ላይ የተተወች ሬዲዮ ካዩ ማን እንደተዋት ይጠይቁና ያንን ሰው ቀኑን ሙሉ አያናግሩትም። ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል እንጂ አይጮኹም፤ ለዚህም ነው የምፈራቸው።

አዲስ ሬዲዮ ሲመጣ ደግሞ ትርዒት ነው። ባልዲ ሙሉ ውሃ ያስቀርባሉ። ሻጩ ቆሞ እያየ ሬዲዮዋን ዝፍቅ! ያደርጓታል። ሻጩ “ኧረ አባቴ!” ሲል፣ “ወንዝ ከአንተ ፈቃድ አይጠይቅም” ይሉታል። ቀጥሎ እጄን በሳሙና አስታጥበው፣ ዓይኔን ጨፍኜ የመናገሪያውን ቁልፍ በአንድ እጅ እንድፈልግ ያዝዙኛል።

“ውሃ ውስጥ ወድቀሻል። አንዱ እጅሽ ገመድ ይዟል። በሌላው ምን ታደርጊያለሽ?”

“ሬዲዮዬን አነሳለሁ።”

“ከየት?”

“ከደረቴ ጋሼ።”

“አገኘሻት?”

ካገኘኋት ሬዲዮዋ ትገዛለች፤ ካላገኘኋት ወርቅ ብትሆን ትመለሳለች።

ወደ ዓባይ በረሃ አፋፍ መጀመሪያ የወሰዱኝም እሳቸው ናቸው። ሉማሜ ላይ ሻይ ጠጣን፤ ከዚያ መኪናዋ ሜዳውን ስትጋልበው ስትጋልበው ድንገት ምድሩ አለቀ። እውነቴን ነው፣ አለቀ! ከእግሬ ሥር ሰማይ ተከፈተ። ንብርብር ገደል፣ ከገደሉ ሥር ደግሞ ሌላ ገደል፣ ከዚያ ሁሉ በታች ቀጭን ቡናማ መስመር። “ያ ነው?” አልሁ። “ያ ነው” አሉ። መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

ታች ያሉት ልጆች ከዳር እዳር የተወጠረ የብረት ገመድ ላይ የላስቲክ ጀልባቸውን አያይዘው፣ እየተንሸራተቱ የውሃውን ጥልቀትና ፍጥነት ይለካሉ። ስልክ እዚያ ታች አይሠራም። የያዟቸው የእጅ ሬዲዮዎች ድምፅ ደግሞ ቀጥ ብሎ የሚሄድ እንጂ ተራራ የሚዞር አይደለም። ስለዚህ አንድ ሰው አፋፍ ላይ ተቀምጦ ወደ ታች ማየት አለበት። ጋሼ ሰይድ ቦታውን ለመምረጥ አንድ ሳምንት አፋፍ ለአፋፍ ዞረዋል አሉ፤ የመረጡት ጫፍ ልኬት የሚደረግበትንም፣ ከእሱ ዝቅ ብሎ ወንዙ የሚታጠፍበትንም ያያል። እዚያ ላይ ትንሽ የቆርቆሮ መጠለያ ተሠራች። የእኔ ቢሮ ያቺ ነበረች።

“አፋፍ፣ አፋፍ፣ ይሰማል?” የሚል ድምፅ ከዚያ ጥልቅ ውስጥ ሲወጣ ሰውነቴ ውርር አለ። መስመሩን እንጂ ሰው አላይም፤ ሰው ግን እያናገረኝ ነው። “ይሰማል” አልሁ፤ ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ።

እዚያው አፋፍ ላይ የሚያርሱ አያ ቢሻው የሚባሉ ሰው አሉ። እሳቸው ሬዲዮ ምን ያደርግላቸዋል! ማዶ ያለ ሰው ሲፈልጉ ጫፉ ላይ ቆመው ስሙን ያስረዝሙታል፤ ገደሉ ስሙን መልሶ መልሶ እስኪጨርስ ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ሁለት ወይ ሦስት ቃል ብቻ ይናገራሉ። ጋሼ ሰይድ ይህን ሲሰሙ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ይደነቁ ነበር። “ይኼን ያዢ” አሉኝ። “ስም ጠሩ፣ ጠበቁ፣ አሳጠሩ። ስንት ዓመት ሙሉ ልጆች ላስተምር የምደክምበትን ሰውየው ከአባታቸው ወርሰውታል!” ሕጋችንም ከዚያ ወጣ። በየሩብ ሰዓቱ እጠራለሁ፤ ታች ያለው ይመልሳል። አንዴ ዝም ካለ እደግማለሁ። ሁለተኛም ዝም ካለ መቀመጥ የለም፣ ሰው ይላካል።

ኃላፊዎች ተፈራረቁ። አንዱ ደግ፣ አንዱ ፊርማ የሚወድ፣ አንዱ ደግሞ ከዓባይ አፋፍ ራቅ ብሎ ቆሞ “እሺ፣ አየሁት” ያለ። ጋሼ ሰይድም ጡረታ ወጡና የሬዲዮው ነገር በእኔ እጅ ወደቀ።

በማግሥቱ ዓመት አዲስ ሬዲዮ ይገዛ ተባለ። ሦስት ናሙና ቀረበልኝ። ባልዲዬን አቀረብሁ። የመጀመሪያዋ ትንሽ፣ ቆንጆ፣ ቁልፏ የበዛ ናት፤ በሳሙና እጅ አንዱንም መለየት አቃተኝ። ሁለተኛዋ ጠንካራ ናት፤ ባልዲው ውስጥ ስጥላት ግን ቁልቁል ሄዳ ከሥር ተኛች። ሦስተኛዋ ለባሕር ተብላ የተሠራች ወፍራም ቢጫ ሬዲዮ ናት። ጣልኋት፤ ጠልቃ ብቅ አለች፣ ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ ተንሳፈፈች! ወይ ግሩም! በጡጫ ወደ ታች አሰጠምኋት፣ እንደገና ብቅ። አውጥቼ ቁልፏን ስጫን ደግሞ ድምፅ ማውጫዋ ውስጥ የገባውን ውሃ ራሷ እያንቀጠቀጠች ተፋችው። ባትሪዋ ከጠዋት እስከ ማታ ይችላል። ሕፃን ያቀፍሁ ያህል ይዣት ቢሮ ለቢሮ ዞርሁ።

“ጎጃም ባሕር ወጣለት እንዴ?” ብለው ሳቁብኝ። ቢስቁም እውነት አላቸው፤ የባሕር ሬዲዮ የራሱ ቻናል ስላለው ከአሮጌው የአፋፍ ሬዲዮ ጋር አይነጋገርም። ስለዚህ አንድ ለአፋፍ፣ አንድ ለጀልባ፣ ከዚያው ዓይነት ሁለት ጠየቅሁ። ሦስተኛ ወንዙ ዳር ለሚቆሙት ገመድ ያዦች ብል አልተፈቀደም። የፈቃዱ ደብዳቤ መመላለስ ብቻ አንድ በጋ ፈጀ፤ እሱን ልተወው።

አሁን ይርጋ ይመጣል። ይርጋ የሉማሜ ልጅ ነው፣ ጀልባዋ ላይ የሚወጣው ለኪ እሱ ነው። ዋናተኛ፣ ቀልደኛ፣ በሬዲዮ ቁጥር ሲነግረኝ እንኳ የሚዘፍን። እኔን “እታለም” ይለኛል። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት አሮጌዋ ሬዲዮ ከኪሱ ሾልካ ዓባይ ገብታበት ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶት ነበር። እኛ አገር አደራ የሚሉት ነገር አለ። ሰው የራሱ ቢጠፋበት ከንፈሩን መጥጦ ይተወዋል፤ የተሰጠው አደራ ከጠፋበት ግን ሰው ፊት ቀና ብሎ አይሄድም። ያ ሳቂታ ልጅ ደብዳቤውን ከያዘ በኋላ አንገቱን ደፍቶ ከረመ።

አዲሷን ሬዲዮ ሳሳየው ዓይኑ በራ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራ።

“ትንሳፈፋለች አልሽኝ?”

“እንዴታ!”

“እንግዲያ ከእጄ ካመለጠች እየተንሳፈፈች ሱዳን ትገባለቻ! እባክሽ እታለም፣ የማትጠፋበት ቦታ እሰሪልኝ። ሁለተኛ ደብዳቤ አልችልም።”

እኔስ? የፈረምሁባት እኔ፣ የመረጥኋት እኔ፣ አገር የሳቀብኝ በእሷ። ከሸራ ቦርሳ ሰፋሁላት። በጀልባዋ ጎን ካለው የብረት ቀለበት ጋር በናይለን ገመድ አሰርኋት፤ ሦስት ቋጠሮ። ይርጋ ጎትቶ ሞከራትና “አሁን ዓባይ ጀልባዋን ካልወሰደ እሷን አይወስዳትም” አለ። ሁለታችንም ደስ አለን።

ያን ሳምንት ለጋሼ ሰይድ ደወልሁና ስለ ባልዲው፣ ስለ መንሳፈፏ ሁሉ ነገርኋቸው። “ማሻአላህ፣ ማሻአላህ” ሲሉ ቆዩ።

“የት ነው የምትቀመጠው?”

“አትጠፋም ጋሼ። ከጀልባዋ ጋር ጥርቅም አድርጌ አስሬያታለሁ።”

ማሻአላህ ማለታቸውን ተዉ። “ሰውየውስ ከምን ጋር ታስሯል?”

የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። “ሰውየው ዋናተኛ ነው!” አልኋቸው። እሳቸው አልሳቁም፤ እኔ ግን ልብ አላልሁም።

ነሐሴ ነበር። ዓባይ ሞልቶ ድምፁ አፋፍ ድረስ ይሰማል፤ ሸለቆው ግን ጉም ለብሶ ምንም አይታይም። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ይርጋ ቁጥሩን በዜማ ነገረኝ። “ዛሬ ተቆጥቷል እታለም” አለኝ፤ ወንዙን ማለቱ ነው። ሩብ ሰዓት ሆነ። “ጀልባ፣ ጀልባ፣ አፋፍ ነኝ።” ዝም። ደገምሁ። ዝም። ብድግ አልሁ።

ኃላፊያችን ጋ ስደውል “ባትሪ ይሆናል፣ ትንሽ ጠብቂ” አለኝ። “ባትሪው ቀኑን ሙሉ ይችላል፤ የመረጥሁት ራሴ ነኝ!” ብዬ ጮህሁበት። ስልኩን ዘግቼ ወደ አያ ቢሻው ማሳ ሮጥሁ። ጫፉ ላይ ቆመው የይርጋን ስም ሦስት ጊዜ ወደ ጉሙ ላኩት። ገደሉ ነው የመለሰላቸው። “እኛ እንወርዳለን፤ አንቺ ከዚህ እንዳትነቃነቂ” ብለው ገመድ ይዘው ከአራት ሰዎች ጋር ቁልቁል ጠፉ።

እኔ ከሬዲዮዬ ጋር ቀረሁ። ሌላ የምሠራው የለኝም፤ መጣራት ብቻ። መጀመሪያ በደንቡ ጠራሁ። ከዚያ ደንቡ ጠፋኝና “ይርጋ፣ ይርጋ” አልሁ። “አያ ቢሻው ወርደውልሃል፤ ገመድ ይዘዋል” አልሁት። ተቆጣሁት፦ “አንተ ልጅ፣ አሁን የቀልድ ጊዜ አይደለም፤ መልስ!” ለመንሁት። ስለ እናቱ አወራሁለት፣ ቅዳሜ ጤፍ ልትገዛ ማርቆስ እንደምትመጣ። ጸለይሁ፤ ቁልፉን እንደተጫንሁ ነበር የጸለይሁት። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር በሬዲዮ ተናግሬ አላውቅም።

እኩለ ቀን አልፎ አንዱ ገመድ ያዥ ዳገቱን ሁሉ ወጥቶ፣ ጭቃ ለብሶ፣ ትንፋሹ ተቆራርጦ ደረሰ። ጎርፉ ያመጣው ግንድ ጀልባዋን መታት፤ ማያያዣው ተበጠሰ፤ ይርጋም ጀልባዋም መታጠፊያው ጋ ተሰወሩ።

“ሬዲዮዋስ?” አልሁት።

“ጀልባዋ ላይ ናታ። አስረሻት የለ?”

ያን ጊዜ ገባኝ። ጋሼ ሰይድ ምን ብለው እንደጠየቁኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ያ ልጅ ዳር ወጥቶ ቢሆን ያለበትን ሊነግረኝ አይችልም፤ በሕይወት ቢኖር “አለሁ” ሊለኝ አይችልም። እኔ በሦስት ቋጠሮ ያዳንሁት ዕቃውን ነው።

እንደገና ቁልፉን ስጫን ገመድ ያዡ በእንባ ዓይን አየኝ። “ተይው በቃ። ማን ይሰማሻል?”

እልህ በሉት፣ እብደት በሉት፣ አልተውሁትም። ሰው ከጠፋ መጥራት ነው የማውቀው፤ ሌላ ሙያ የለኝም።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ጉሙ ተገፈፈ። ከታች፣ በጣም ከታች፣ አንድ የተሳበ ድምፅ መጣ። የሬዲዮ ድምፅ አይደለም። አያ ቢሻው ናቸው። ከአፋቸው ሌላ ሰው ተቀበለው፣ ከእሱ ሌላው፣ ገደል ለገደል እየወጣ እኔ ጋ ደረሰ፦ “አለ! አለ!” መሬት ላይ ተደፋሁ።

የወንዙን ጠባይ የሚያውቁ እነሱ ናቸው፤ የወሰደውን የት የት እንደሚጥል ያውቃሉ። መታጠፊያው ጋ ወንዙ መሃል ከሚገኝ ድንጋይ ላይ ነው ያገኙት። ቀኙ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። በቃሬዛ ተሸክመው ሲያወጡት ፊቱ የሰው አይመስልም፣ ዓይኑ ተከድኗል። አጠገቡ መድረስ አልቻልሁም። መጠለያዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተለወጠ። ሬዲዮ ከጀልባ ጋር አይታሰርም፤ ከሰው ጋር፣ ደረቱ ላይ፣ በአንድ እጅ በሚደረስበት፣ ክንድ በማይሞላ ማሰሪያ። ለገመድ ያዦቹም አንድ ተገዛ። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ባልዲውንና ሳሙናውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ “ይቺ ሴትዮ ጤና የላትም” መባሌን አውቃለሁ። አንድ ቀንማ “ንብረቱ እንዳይጠፋ” ያለኝን ኃላፊ “ይጥፋ! ሰውየው ካለ ይጥፋ!” ብዬው በስብሰባ መሃል ወጥቻለሁ። ይህን ሁሉ ለማድረግ ግን መጀመሪያ ሥራው ላይ መቆየት ነበረብኝ፤ እኔ ደግሞ ልለቅ ደብዳቤ ጽፌ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ሆስፒታሉ አጠገብ እያለፍሁ አልገባሁም። ምን ብዬ ልግባ? መጨረሻ ላይ ደብዳቤዬን ይዤ ጋሼ ሰይድ ቤት ሄድሁ። አነበቡት፤ አጠፉት፤ ኪሴ ውስጥ መልሰው ከተቱት።

“ይህን ለኃላፊው ከመስጠትሽ በፊት ለይርጋ አንብቢለት” አሉኝ።

“አልችልም ጋሼ። ምን ይለኛል?”

“እኔ ምን አውቃለሁ? እሱን ጠይቂው። አብሽሪ፣ አብሬሽ እገባለሁ።”

ይርጋ እግሩ ታስሮ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፤ ያ እግር እስከ ዛሬም አይታጠፍም። ከስቶ ጉንጩ ጎድጉዷል። ሲያየኝ ፈገግ አለ፤ እኔ ደብዳቤውን ማውጣቱም ጠፋኝና አልጋው ሥር ተንበረከክሁ። “ይቅር በለኝ” አልሁ። “ያሰርኋት እኔ ነኝ።”

“እሰሪልኝ ያለሽስ ማን ነው? ተነሽ እንጂ እታለም፣ ሰው ያያል።” ጋሼ ሰይድ ደግፈው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ይርጋ ጣራውን እያየ ማውራት ጀመረ።

“ድንጋዩ ላይ ሲጥለኝ እግሬ እንደሄደ አወቅሁ። ዞር ስል ጀልባዋም ከድንጋዩ ወዲያ ጫፍ በጎኗ ቆማ ተሰክታለች። ከእኔ እስከ እሷ፣ ከዚህ አልጋ እስከዚያ መስኮት ነው። መሃላችንን ግን ውሃው ይቆርጠዋል፣ በደህና እግርም አይሞከር። ቦርሳሽን አያታለሁ፤ ቋጠሮሽን አያለሁ። አይ የእታለም ቋጠሮ አልሁ።” ትንሽ ሳቀ። “ያን ጊዜ ቦርሳው ውስጥ ‘ጀልባ፣ ጀልባ’ የሚል መጣ።”

እጄን አፌ ላይ ጫንሁ። ሬዲዮዋን ጠዋት ድምፅዋን እስከ ጥግ ከፍቼ የላክኋት ራሴ ነኝ።

“ሰማኸኝ?”

“ከድንጋዩ ጀርባ ውሃው ጸጥ ይላል። ቁልጭ ብሎ ይሰማ ነበር። አያ ቢሻው ወረዱ ስትይ ሰማሁ። ስትቆጪኝ ሰማሁ። የእናቴን ነገር ሰማሁ፤ ስትጸልዪማ አሜን ብያለሁ። በኋላ እጄ መዛል ጀመረ። ‘እስቲ አንዴ ብቻ እስክትጠራኝ ልያዝ’ እላለሁ፤ ትጠሪኛለሽ። ‘እስቲ አሁንም አንዴ’ እላለሁ፤ ትጠሪኛለሽ። የፈራሁት ውሃውን አይደለም፤ ተስፋ ቆርጠሽ ዝም እንዳትይ ነው።”

ጋሼ ሰይድ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ “ቀኑን ሙሉ መልስ፣ መልስ ስልህ…” አልሁ፤ “እንዳትመልስ ያደረግሁህ እኔ፣ መልስ ስልህ…”

ይርጋ ከትራሱ ቀና አለና እጄን ያዘኝ።

“እታለም፣ ምን ነካሽ?” አለኝ። “መልሼልሻለሁ እኮ! ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ነው የመለስሁት። አንድም ጊዜ ጠርተሽኝ ዝም አላልሁሽም።”